አምስት ቁጥር ፍለጋ

መስቀል ጉራጌ አገር ገብቶ ሲወጣ ሦስት ነገር ጥሎ ይሄዳል፦ ዕዳ፣ የሆድ ቁርጠትና ባዶ ሀይላንድ። ዕዳው እስከ ከርሞ ይጎተታል፤ ቁርጠቱ በፌጦ ይታገሣል፤ ሀይላንዱ ግን የት አባቱ ይሄዳል! ድሮ ከመርካቶ ለመስቀል የሚገባ ልጅ ስኳር፣ ቡና፣ ለእናቱም ሻሽ ይዞ ነበር የሚመጣው። አሁን ውኃና ለስላሳ በእሽግ በእሽግ ጭኖ ይመጣል። መውቀሴ አይደለም። ወልቂጤ ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ቧንቧ ሲጠብቅ የዋለ ሰው፣ የታሸገ ውኃ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ምርቃት እንጂ ወቀሳ የለውም።

ዘመድ አዝማዱ ቆጮና ቅቤውን ሸክፎ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ እኔ አክስቴ ቤት ቀረሁ። ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ዘመድ ቤት ከተገኘ ደግሞ ሥራ ይፈለግለታል።

«ይህን ጉድ ከጓሮዬ አውጣልኝ» አሉኝ አክስቴ፣ እንሰቱ ሥር የተከመረውን እያሳዩኝ። «ዝናብ በመጣ ቁጥር ቦዩ እየተደፈነ ጎርፉ ማጀቴ ሊገባ ነው።»

ክምሩ ሀይላንድ ብቻ አልነበረም። የዘይት ጀሪካን፣ የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ፣ እጀታው የተገነጠለ ጆግ፣ የተሰነጠቀ መዘፍዘፊያ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ በድግሱ ቀን ለስላሳ የተጠጣበት ስስ ኩባያ፣ ምግብ ተቋጥሮበት የመጣ ነጭ ፎም፣ ፌስታል በፌስታል ላይ። አንዱን ጠርሙስ አንስቼ ገለበጥኩና ቂጡ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን አሳየኋቸው። መሐሏ ላይ 1 ይላል።

«ዋጋው ነው?» አሉ።

«የለም እትዬ፣ ከምን እንደተሠራ ነው የሚናገረው።»

«ከፕላስቲክ ነዋ! ይህን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው?»

አክስቴ የተናገሩት የብዙዎቻችንን ሐሳብ ነው። ፕላስቲክን ሁሉ አንድ ላይ ማቅለጥ ግን ጤፍንና ሽንብራን «ሁለቱም እህል ነው» ብሎ አብሮ አስፈጭቶ እንጀራ እንደ መጠበቅ ነው። ጀሪካኑ 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የውኃው ጠርሙስ 250 ዲግሪ ካላለፈ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት አለባቸው፤ ቁጥሩ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ከ1 እስከ 7 ያለውን ቁጥር ያወጣው ለገዢ ሳይሆን፣ የተጣለ ዕቃ ለሚለዩ ሠራተኞች ብሎ ነበር። 1 ፔት የሚባለው የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። 2 የጀሪካንና የሳሙና ዕቃ፣ 4 ደግሞ የዚያው ዘመድ ሆኖ ለስለስ ያለው የፌስታል ዓይነት ነው። 3 ፒቪሲ ነው፤ ስለሱ ቡታጅራ ስንደርስ አወራለሁ። 5 ፖሊፕሮፒሊን፦ ባልዲው፣ ወንበሩ፣ ጆጉ፣ እህል የምንቋጥርበት ማዳበሪያ ሳይቀር። 6 ያ ስስ ኩባያና ነጩ ፎም። 7 ከነዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ የሚወረወርበት ነው፤ ቢሮ ቢሆን «ልዩ ልዩ» የሚል ፋይል ይከፈትለት ነበር።

ጓሮው ውስጥ ሰባት ቦታ መደብኩ። የሰፈሩ ልጆች ወዲያው ተሰበሰቡ፤ በስልኬ መብራት የጠርሙስ ቂጥ እያነበቡ «አንድ! አንድ! ሁለት!» ሲሉ ሰፈሩ ቶምቦላ የሚወጣበት መሰለ። አንድ ቁጥር ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለትም ደህና ነበረች። አምስት ግን አነሰች። አክስቴ እስከዚያ ድረስ ሲያሾፉ ቆይተው የክምሩ አለመመጣጠን ሳይታወቃቸው አናደዳቸው መሰለኝ፣ «አምስት ላመጣ ልጅ ከረሜላ አለኝ!» ብለው አወጁ።

ልጆቹ ባንድ ጊዜ ተበተኑ። ሲመለሱ የአምስት ቁጥር ክምር ከእኔ ቁመት በለጠ። ውኃው ገና የሚንጠባጠብ ባልዲ፣ ወንፊት፣ ምሳ ዕቃ፣ ጆግ፣ ሦስት በርጩማ። አንደኛው ልጅ የሻይ ቤት ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ሰውዬው ሊቀመጥ ሲያጎነብስ ነው ያነሳው አሉ። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ የሆነ ሴት መዘፍዘፊያዋን ፍለጋ ገባች። ቀጥሎ የሻይ ቤቱ ባለቤት። ቀጥሎ ሁለት እናቶች፣ ሁለቱም የልጃቸውን ፖፖ ፍለጋ። ፖፖዎቹ ሁለቱም ሮዝ፣ ሁለቱም ታጥበው የመጡ፣ ሁለቱም 5 ቁጥር። «የተማረው ይለያቸው» ተባለ። ቁጥሩ የባለቤቱን ስም እንደማይናገር አስረዳሁ፤ የሰማኝ የለም። በመጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው ተጠርተው እየተቀመጡ ተለየ።

በማግስቱ ቆራሌው መጣ። ሰባቱን ክምር ዞር ዞር ብሎ አየና፣ አንዱንና ሁለቱን ባንድ ክንዱ አቅፎ እዚያው አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሊጨምራቸው ሲል ጮህኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ቁጥር አልገዛም፤ ሀይላንድና ጀሪካን ነው የምገዛው። ቤት ስገባ እለየዋለሁ።»

«ስድስቱስ?»

«እሱን ራስዎ ያስቀምጡት።»

የጠራውን ዋጋ ሲሰሙ አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ይህ የድርድር ምልክት ነው። እሱም አልበገር አለ። «በዚህ ዋጋማ ጓሮዬ ይበስብስ!» አሉት።

«አይበሰብስም እኮ እትዬ» አልኩ፤ ማን ሊሰማኝ!

ቡታጅራ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ሰብሳቢ አለ የሚል ወሬ ነበር፤ እኔም ቡታጅራ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። ለቅሶና ንግድ በአንድ ጉዞ ማዋሐድ ለጉራጌ ነውር አይደለም። ከወልቂጤ ቡታጅራ በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ መሐል ላይ ተራራው ባይኖር። በ2015 ዓ.ም. ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ጉዞው ከዞን ወደ ዞን ሆኗል፤ አክስቴ ማዳበሪያዎቹን «ኤክስፖርት» ይሏቸው ጀመር። ቦታ እንዳይፈጁ ጠርሙሶቹን በእግር እያስረገጡ ካስጨፈለቁ በኋላ እያንዳንዱን ክዳን ጥብቅ አድርገው ዘጉ። ንጹሕ ሴት ናቸው።

ረዳቱ ማዳበሪያዎቹን አይቶ «የሰው ሒሳብ ይከፍላሉ» አለ።

«ባዶ ጠርሙስ እኮ ነው፤ አየር ነው።»

«አየር ከሆነ ይብረር።»

ልጁ እውነቱን ነው። የዚህ ንግድ ዋና ጠላት አየር ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ተጭኖ ሲሄድ ነዳጁ የሚቃጠለው ለአየር ነው። ለዚህ ነው ከክልል ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ጠርሙስ በመጭመቂያ ካልታሸገ ትርፉ መንገድ ላይ የሚያልቀው። ከፍዬ ተሳፈርኩ። ማዳበሪያዎቹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ደጋውን መውጣት ስንጀምር ከኋላ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ «ቋ! ቋ!» ሾፌሩ መስተዋቱን አየ። አጠገቤ የነበሩት እናት ዶሯቸውን አቀፉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የውጪው አየር እየሳሳ፣ ክዳኑ ውስጥ የታፈነው አየር እየተነፋ፣ የተጨፈለቁት ጠርሙሶች አንድ በአንድ ወደ ቀድሞ ቅርፃቸው እየተመለሱ ነበር። ጫፉን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር፣ ይህን ለተሳፋሪው ላስረዳ አፌን ስከፍት የአንዱ ማዳበሪያ ስፌት ተተረተረና ሀይላንዱ ቁልቁል ወደ ሾፌሩ ፔዳል ተንከባለለ። መኪናው ቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ ለቀመ። ረዳቱ «አየሩ ተነሳ ማለት ነው» ሲል ዶሮዋ ሳትቀር የሳቀች መሰለኝ። ጠርሙስ ስትጨፈልቁ ክዳኑን ክፍት ተዉት፤ በተለይ ደጋ የምታቋርጡ ከሆነ።

ቡታጅራ ያሉት ሰብሳቢ ጢማቸውን በሒና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሀጂ አልኩ። ማዳበሪያውን ዘርግፈው መሬት ላይ ተቀመጡና መለየት ጀመሩ። ቁጥር የሚባል ነገር አላዩም። ጠርሙሱን ጨበጥ ሲያደርጉ የሚንኮሻኮሸው ወደ ቀኝ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ምልክት የሚተውበት፣ ሰም ሰም የሚለው ወደ ግራ። ሲታጠፍ «ቀጭ» ብሎ የሚሰበረው ከኋላቸው። የተጠራጠሩትን ቁራጭ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ይጥሉታል፦ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ክዳኑ ከሁለት ቁጥር ወይም ከአምስት ቁጥር ስለሚሠራ ከውኃ ይቀላል፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ፈጭተው የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ስለ ክብደት ያነበብኩትን ሁሉ ሀጂ በእጃቸው ያውቁታል።

የዘይት ጠርሙሶቼን ገና ሲያዩ ወረወሯቸው። «አንድ ቁጥር ናቸው እኮ ሀጂ!» አልኩ።

«አንድም ይሁን ሺህ፣ ዘይት ነክቶታል። ከዚህ ጋር ከገባ የታጠበውን ሁሉ ያበላሻል።»

አረንጓዴውን ጠርሙስ ለብቻው አስቀመጡ፤ ከሱ ነጭ ጠርሙስ አይወጣምና ዋጋው ያንሳል። ከዚያ አንድ ነገር እጃቸው ገባና ቆሙ። ከውጭ የመጣ የፀጉር ቅባት የነበረበት፣ ጥርት ያለ ጠርሙስ። በርሜሉ ውስጥ ጣሉት፤ ሰጠመ። አወጡት። አጠፉት፤ የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር ወጣ። ገልብጠው ቂጡን በጣታቸው ዳበሱ። «ሀይላንድ ቂጧ መሐል ላይ እንደ እንብርት ያለ ነጥብ አላት፤ ይህ ግን የስፌት ጠባሳ ነው ያለው። ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ አንብብልኝ።»

3 ይላል። ፒቪሲ!

ሀጂ «ወላሂ አውቄዋለሁ» አሉ። ይህ ቁጥር የፔት ገዢዎች ቅዠት ነው። ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ ሁለቱም ውኃ ውስጥ የሚሰጥሙ ናቸው፤ በርሜሉ አይለያቸውም። ፔቱ በሚቀልጥበት ሙቀት ግን ፒቪሲው እየተቃጠለ አሲድ ይተፋል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያጠቁረዋል፣ ማሽኑንም ይበላል። የዚያችን ትንሽ ቁጥር ጥቅም በደንብ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርጥር ሲመጣ የምትዳኘው እሷ ናት። ችግሩ ቁጥሯ በጥርት ላይ ጥርት ሆና፣ ከስንዴ ፍሬ አንሳ መቀረጿ ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለሀጂ ሳነብ ዋልኩ፤ ለቅሶ ቤት የደረስኩት ሲመሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ፔቱ ተፈጭቶና ታጥቦ ቅንጣቢ ይሆናል፤ ከዚያም ለጨርቅና ለትራስ የሚሆን ክር ይወጣዋል። አምስት ቁጥር ተመልሶ ባልዲና ወንበር ይሆናል። የቀረው ወደ ቆሻሻ መጣያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ እዚያ ክምር ላይ ሀጂ በበርሜል የሚሠሩትን በባዶ እጃቸው እየሠሩ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩበት። ስለ ቆሻሻ ሲወራ እኔ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ከቁጥሩ ዙሪያ ያለው ቀስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጋሪ አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ የሣላቸውን ሦስት ተከታታይ ቀስቶች የሚመስል ምልክት የፕላስቲክ ማኅበሩ ሰዎች ከቁጥሩ ዙሪያ ሲያደርጉበት፣ ዓለም ሁሉ «ይህ ዕቃ ተመልሶ ይሠራል» ብሎ አነበበው። ቁጥሩ ግን እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። በ2013 እ.ኤ.አ. ቀስቱ ቀርቶ ድፍን ሦስት ማዕዘን ይሁን ተባለ፤ አሮጌው ቅርጽ ግን ዛሬም በየጠርሙሱ ቂጥ አለ። በዓለም ላይ ከሚጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ የሚሠራው 9 በመቶ ብቻ መሆኑን የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። የእኛም ሕግ ምልክት ይወዳል፦ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ፌስታል ሁሉ መበስበስና አለመበስበሱን የሚናገር ጽሑፍ ይኑረው ብሎ ነበር። እንዲህ የሚል ፌስታል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ አክስቴ አልደነገጡም። ቆጯቸውን ድሮም በኮባ ነው የሚጠቀልሉት፤ ኮባ ደግሞ ጓሮ ቢጣል እንሰቱ መልሶ ይበላዋል።

ሀጂ የከፈሉኝ የማዳበሪያዎቹን ትራንስፖርት ሸፍኖ ለአንድ ማኪያቶ ተርፏል። ለአክስቴ ቆራሌው ከጠራው ዋጋ ጨምሬ ከኪሴ ሰጠኋቸው፤ አሁን ቡታጅራ ትልቅ ገበያ አለ ብለው ለጎረቤት እያወሩ ነው። የውኃና የዘይት ፋብሪካ ያላችሁ ሰዎች፣ ቁጥሩን ጎላ አድርጋችሁ አትሙት፤ ጠርሙሱንም ቀለም አታብዙበት። ቤት ያላችሁ ደግሞ የዘይቱን ዕቃ ከሀይላንዱ አትቀላቅሉ። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ 6 ቁጥር የሚገዛ አላገኘሁም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አክስቴ ጓሮ ተቀምጧል፣ በዋጋውም አንጣላም።