የጓሮ ጋንቾ

በቪትዝ ኋላ ላይ የሚገጠም ቤት ሠራሽ የተሳቢ መጎተቻ ጋንቾ ከቧንቧ ሥራ የተረፈ ብረት፣ የብየዳ ማሽን ያለው ጎረቤትና «ይሄ ዝሆን ይጎትታል» የሚል ሰው ይፈልጋል። የመጨረሻው በየጋራዡ በነፃ ይገኛል።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ፓራውልቱ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ምንም አይሸከምም፤ ይህ ግን ጋንቾውን እሱ ላይ ከማሰር ያገደው ሰው የለም። ከሥር ገብቶ ሻንሲ የሚፈልግም አያገኝም። ላንድክሩዘር ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው፤ የትንሿ መኪና ሻንሲ ግን አካሏ ራሱ ነው፣ ከታጠፈ ስስ ላሜራ የተሠራ። በያጁ ኤሌክትሮዱን ሲያስጠጋ ላሜራው ይበሳል፤ ቀዳዳው በቁራጭ ብረት ይደፈናል፤ የቁራጩ ዳር ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ያወጣል። በስተመጨረሻ ሁሉም ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ብየዳ ያጠነክራል ተብሎ ይታመናልና። ትክክለኛው አሠራር አሰልቺ ነው፦ ጫናውን በግራና በቀኝ ወዳሉት የአካሏ ጠንካራ ክፍሎች የሚያከፋፍል ወፍራም ብረት፣ ራሳቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ቡሎኖች፣ የማይላላ ዳዶ።

500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን፣ ማለትም 50 ኪሎ ገደማ፣ ጋንቾው ላይ ያሳርፋል። የመኪናዋ ኋላ ሲወርድ አፍንጫዋ ይነሳል፤ የምትነዳውም የምትጠመዘዘውም በፊት ጎማ ነውና መሪው ይቀላል። ባለቤቱ ይህን እንደ ምቾት ይቆጥረዋል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ጭራ ከተገፋ ደግሞ ተሳቢው ግራ ቀኝ እየዋለለ መኪናዋንም ያስጨፍራታል።

ጋንቾው ሲነቀል ተሳቢውን የሚይዘው የደኅንነት ሰንሰለት ብቻ ነው። እሱም የታሰረው እዚያው ጋንቾ ላይ ነው።