ደራሲው እንዳያነብ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «በወረዳ ከተሞቻችን የሚዘጋጀው የንባብ ምሽት ንባብ የለበትም» እያለ ሲያማርር ሰማሁት። ምቀኛ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ለንባብማ ፋኖስ ይበቃል፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነባል። አዳራሽ የሚለመነው፣ ባነር የሚታተመው፣ ድምፅ ማጉያ ከደብረ ታቦር ድረስ በአይሱዙ የሚጫነው ልቦለድ ለመስማት ነው እንዴ?

መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነፋስ መውጫ ላይ እንዲህ ካሉት ምሽቶች በአንዱ ተገኝቻለሁ። «ምሽት» የሚባለው ለማዕረጉ ነው። ጥሪው ለ8 ሰዓት ነበር፤ የተጀመረው 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ በተሰበረው መስኮት እየገባ ባነሩን ያርገበግበዋል። ባነሩ ላይ የደራሲው ፎቶ ከነክራቫቱ አለ፤ የድጋፍ ሰጪዎቹ ዓርማ በመደዳ ተደርድሯል፤ የክብር እንግዳው ስምም ከነማዕረጉ በደማቁ ተጽፏል። የመጽሐፉ ርዕስ ከታች ጥግ ነበር፤ እሱንም የፕላስቲክ አበባው ከለለው። ርዕሱን ያወቅሁት ስወጣ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እንዴት አይሞላ! ደብዳቤው ለየትምህርት ቤቱ ቀድሞ ደርሷል፤ በር ላይ የቀረ መምህር ካለ የሚመዘግብ ሰው ቆሟል። ከስማዳ፣ ከወገዳ ድረስ ተሳፍሮ የመጣ አንድ የአማርኛ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ፣ አበሉ ዛሬ ይከፈል እንደሆነ በየሩብ ሰዓቱ ይጠይቀኛል። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከኋላ ታጭቀዋል። ይኼን የሚነቅፍ ታሪክ የማያውቅ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ በዚሁ በጋይንት ነው ያለፉት፤ መድፉ ያን ሁሉ ዳገት በራሱ ፈቃድ አልወጣውም። ሥነ ጽሑፍም ከባድ ዕቃ ነው፤ ገመድና ጎታች ይፈልጋል።

በዚያው ዓመት ቻርልስ ዲከንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ እየዞረ የገዛ ልቦለዱን ለሕዝብ ያነብ ነበር። ሰዉ ትኬት ለመቁረጥ በዚያ ብርድ ሌሊቱን ተሰልፎ ያድር ነበር አሉ። ደራሲው ጉንፋን ይዞት፣ አንዲት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ፣ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ በየድምፃቸው እየሆነ ብቻውን ሲያነብ ያመሻል። ምስኪን! መድረክ መሪ የለው፣ የክብር እንግዳ የለው፣ ዳሰሳ አቅራቢ የለው፤ ሥራው ሁሉ በእሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

የእኛ ደራሲ ግን እንዳይደክም ታስቦለታል። በመጀመሪያ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ቀጥሎ የክብር እንግዳው ስለ ተፋሰስ ልማትና ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ልቦለዱን «ይህ ጥናታዊ ጽሑፍ» ሲሉ ሁለት ጊዜ አሞገሱት፤ ከዚያ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብለው በጭብጨባ ወጡ። አጃቢዎቻቸውም ወጡ፤ የፊተኛው ረድፍ ባዶውን ቀረ። ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም፤ ከኋላ ለቆሙት ልጆች እንኳ አልተፈቀደም።

ዳሰሳ አቅራቢው ተነሣ። ትሑት ሰው ነው፤ «ጊዜ ስላጠረኝ ዘለል ዘለል እያደረግሁ ነው ያየሁት» ብሎ ጀመረ። ስለ ሽፋኑ ቀለም፣ ስለ ወረቀቱ ጥራት፣ ደራሲው በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ስለነበረው ጨዋነት አብራራ። ሲጨርስ «ከሐዲስ ዓለማየሁ በኋላ የመጣ ደራሲ» አለው። እውነቱን ነው፤ ሁላችንም ከሐዲስ በኋላ ነው የመጣነው። ይኸንኑ ንግግር እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ለሌላ ደራሲ ሲያደርገው ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜም አጨብጭቤያለሁ።

የሐዲስ ስም ሲነሣ ወጋየሁ ንጋቱ ትዝ አለኝ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ኋላ ላይ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው እሱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በሬውን ፈትቶ፣ ጎረቤት ያለችው አንዲት ሬዲዮ ዙሪያ ተኮልኩሎ፣ የልቦለዱ በዛብህ እንዳይሞት ይሳል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፕሮቶኮል አልነበረውም። አበባ ያበረከተ የለም፣ የምስክር ወረቀት የወሰደ የለም። ሰው ዝም ብሎ ያለቅስ ነበር።

ከዳሰሳው በኋላ ጨረታ ሆነ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጂ በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ መድረክ ላይ ወጣ። «ሦስት ሺህ አንዴ! ሦስት ሺህ ሁለቴ!» አዳራሹ ሞቀ፤ ከኋላ ያሉት ልጆችም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። አንድ ነጋዴ አሸነፉ። ከፍለው ሲያበቁ ማይኩን ተቀብለው «መጽሐፉን መልሼ ለራሱ ለደራሲው አበርክቼለታለሁ!» አሉ። እልልታው ለጉድ ነው። መጽሐፉ እንደተጠቀለለ ከደራሲው ወጥቶ፣ ማንም ሳይከፍተው፣ ወደ ደራሲው ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ ደነገጠ። «ውድ ደራሲያችን በ5 ደቂቃ ያህል ከሥራው ቀንጨብ አድርጎ…» አለ። ደራሲው ተነሣ። በአውቶቡስ ትኬት ምልክት ያደረገባት ገጽ ነበረችው፤ ጣቶቹ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፣ ያቺን ገጽ ሳምንት ሙሉ ሲለማመዳት እንደሰነበተ ያስታውቃል። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳነበበ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሰዉ ወደ ገብስ ቆሎውና ወደ ለስላሳው ፈለሰ። መብራቱ ሲመለስ የቀረችው አንድ ደቂቃ ናት፤ «ስፖንሰሮቻችን እንዳይቀየሙ» ተብሎ የምስጋናውን ገጽ እንዲያነብ ተደረገ። አነበበው። የረዱትን ሁሉ በስም ጠራ፤ የተጠራው ሁሉ እየተነሣ እጅ ነሣ። የምሽቱ ንባብ ይኸው ነው። ያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን፣ ስለ አንዲት ውኃ ቀጂ ሴት፣ መልካም ነበር። ወዴት ልትሄድ እንደነበረ እስካሁን አላወቅሁም።

በሩ ላይ ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳውን ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ቆሞ ኖሯል። ድምፅ ማጉያው ስቦት ነው የመጣው። እነዚህ ልጆች አገሩን አያጡትም፤ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት፣ እስቴ ደግሞ ቆማ ፋሲለደስ በገዛ ዜማው የሚታወቅባት ናት። የቅኔ ተማሪው ብቻውን ዱር ለዱር ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ፣ ማታ ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት መወድስ ይዞ የኔታ ፊት ይነግራል። ቤት ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ እዚያው ይታረማል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱ አይደገምም። ኋላ ቀርነት ነው እንግዲህ። አንድ ሰው አበባ ሳይሰጠው እንዴት ቃሉ ይሰማል?

ልጁ ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ እኒያ የነገሩት ምንድን ነው?»

«ልቦለድ ነው። የራሳቸው ድርሰት።»

«ማነው የሚያርማቸው?»

እዚህ ቤት እርማት የለም፣ ጭብጨባ ነው ያለው አልኩት። አኩፋዳውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረና አሰበ።

«ታዲያ መግጠሙን በምን ያውቁታል?»

የያዝኩትን ቆሎ በእፍኙ ገልብጬለት ወደ አስተያየት መስጫው መዝገብ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የፈረሙት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የጻፉት። እኔም ብዕሩን ተቀብዬ «እጅግ ድንቅ የንባብ ምሽት ነበር» ብዬ ፈረምኩ፤ መምህሩ ከኋላዬ ቆሞ «ለእኔም ያንኑ ጻፍልኝ፣ አበል ሊከፈል ነው» አለኝ።