የዴዚ ለቅሶ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ዛሬ እናንተ ኅዳርን ስታጥኑ፣ እኔ ደግሞ ለምስር ወጥ የሚሆን ሽንኩርት ጥጄ ነው የምጽፍልሽ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት በላይ በላዩ እየደወልኩ «ሰው ሁሉ ደህና ነው?» እያልኩ ያስጨነቅሁሽ ትዝ ይልሻል? «እትዬ አስካለን ጉንፋን ይዟቸዋል» ስትዪኝ ድምፄ የተቆራረጠው በኔትወርኩ አልነበረም። ውሻ አልቅሶብኝ ነው።

ቤዝመንቷን ያከራየችኝ ሴትዮ ልጇን ልትጠይቅ ስትሄድ ዴዚን አደራ ሰጠችኝ። ዴዚ የራሷ ፍራሽ፣ የራሷ ሐኪምና የራሷ የዝናብ ልብስ ያላት ውሻ ናት። (ውሻችን መቻል ይህን እንዳይሰማ።) በመጀመሪያው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ማላዘን ጀመረች። ውሻ በሌሊት ሲያላዝን ሰው ሊሞት ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ ልጅሽ፣ ከአገር ቤት ዘመድ ማንኛው ይሆን እያልኩ አንድ በአንድ ስቆጥር ነጋ።

በሁለተኛው ሌሊት የአገራችንን መድኃኒት ሞከርኩ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ። መቻል ቢሆን ይሄኔ አጥር ዘሎ ከመንደር ወጥቷል። ዴዚ ግን ሰው የሚያጎነብሰው ሊያጫውታት ብቻ ይመስላታል፤ ሮጣ መጥታ ፊቴን ላሰችኝና ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች። በሦስተኛው ሥጋ ቆረጥኩላት። በልታ ዝም አለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን እንደገና! ታለቅሳለች፣ እቆርጣለሁ። ውሻ የማስለምድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ ናት እኔን ያስለመደችኝ።

ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። የከፈልኩትን አልነግርሽም፤ በሬ ሸጠሽ እንዳትልኪልኝ። ሰውዬው ከውሻዋ በፊት እኔን መረመረኝ፦ መቼ ታለቅሳለች? የት ሆና? ማን ሲወጣ? ወዴት እያየች? ለቅሶው ድንገት የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው አለኝ፤ ያረጀ ውሻም አእምሮው ሲደክም ሌሊት ግራ ይገባዋል። ጥርሷን፣ ጆሮዋን፣ ሆዷንና መገጣጠሚያዋን አየላት፤ ጤነኛ ናት። «እንባ እኮ የላትም» ስለው፣ የውሻ እንባ ዐይን ማርጠቢያ ነው፣ ዘወትር ከፈሰሰ የዐይን ሕመም እንጂ ኀዘን አይደለም አለ። ሥጋውንም ከለከለኝ፤ ዝም ስትል እንጂ ስታለቅስ አትስጣት። እማዬ፣ እኛ ስንት ዘመን ውሻ ስለ እኛ ቤት የሚያረዳ መስሎን ኖርን፤ ምስኪኑ ግን ስለ ራሱ ነበር የሚያወራው።

«ወዴት እያየች?» ያለኝ ከነከነኝ። ማታ ዐይኗን ተከትዬ ቀና ብል ኮርኒሱ ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው ስሞክ ዲቴክተር አለ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል በየደቂቃው «ጢጥ» ይላል። እኛ ሐበሾች እዚህ ከዚህች ጢጥታ ጋር እንደ ደባል ነው የምንኖረው፤ እኔማ መስማት ከተውኩ ወር አልፎኛል። በኋላ ሳነብ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጽፈውታል፤ ቀጭንና ቆረጥ ቆረጥ የሚል ድምፅ ውሻን ከወፍራምና ከማያቋርጥ ድምፅ ይልቅ ያስጨንቀዋል፤ ብዙ ባለቤት ደግሞ ጭንቀቱን ልብ አይለውም። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ለወጥኩ። ዴዚ ለጥ ብላ ተኛች። መድኃኒቱ ድንጋይ መሆኑንማ አልተሳሳትሽም፤ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ሳትነግሪኝ ቀረሽ እንጂ።

የቀረው ሥራ ስሄድ በር ላይ የምታለቅሰው ነበር። ለዚህ የሐኪሙ ትእዛዝ «ስትወጣ አትሰናበታት» የሚል ነው። ለሐበሻ! አንቺ ቦሌ ላይ ሦስቴ ጠርተሽ ሦስቴ ስመሽኝ የለ? ቁልፍ አንሥቼ እቀመጥ፣ ጫማ አጥልቄ አወልቅ፣ አንድ ደቂቃ ወጥቼ እገባ ጀመር፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥር፣ ብቻዋን መቆየቱን እስክትለምደው። በመስኮት ያየኝ ጎረቤት፣ ከሥራ ተባርሮ ለሚስቱ መንገር ያቃተው ሰው ሳልመስለው አልቀርም።

ትናንት ሴትዮዋ ስትመለስ ዴዚ እንደ አዲስ አለቀሰች፤ ግን መላ ሰውነቷ ጭራ ሆኖ። በጃፓን የአዛቡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. እንደለኩት፣ ውሻ ለሰዓታት ከተለየው ጌታው ጋር ሲገናኝ ዐይኑ ውስጥ ያለው እንባ ይጨምራል፤ በጉንጩ አይወርድም እንጂ። ሐኪሙንና ጃፓኖቹን እግዜር ያስታርቃቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ፣ መቻል ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ያላዝናል ስላልሽኝ ነው። ታናሼ ድንጋይ እንዳይወረውርበት። ሽማግሌ ነው፤ እግሩንና ጆሮውን ዳስሱለት፣ እህል ይቀምስ እንደሆን እዩ። የወረዳው የከብት ሐኪም ለላሚቱ ሲመጣ እግረ መንገዱን ይየው። ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ለሃጩን ካዝረከረከ ግን እንዳትነኩት፤ ያበደ እንዳይሆን።

ወይኔ ሽንኩርቴ! ይኸው ስሞክ ዲቴክተሩ ጮኸ፤ ድንጋዩ አዲስ ነውና ጉልበት አለው። ዴዚም ከላይ ተቀበለችው። ፎጣ ይዤ ላራግብ፤ ለእትዬ አስካለ ምሕረቱን ያምጣላቸው በይልኝ።

ልጅሽ ኃይሉ