ዱባና ቅል፦ ስለ ጓሮ አበባ ጋብቻ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ብሂል በየሸንጎው ሲጠቀስ እንጂ በጓሮ ሲፈተሽ አይታይም። ይህ ጥናት ያን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ሥፍራው ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል፣ ከቤት ጀርባ ፍግ ከሚደፋበት አጠገብ፤ ወቅቱ ነሐሴ ነው። መረጃ ሰጪዎቹ ሁለት ሐረጎች፣ ጥቂት ንቦችና ሳይጠየቁ የሚመልሱ ጎረቤቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ግኝት ብሂሉን ያሳፍራል። በአበቃቀል ረገድ ሁለቱ አይለያዩም። ሁለቱም ይሳባሉ፣ ሁለቱም አጥር ይወጣሉ፣ ሁለቱም የጎረቤትን ድንበር አያከብሩም። ልዩነቱ ያለው አበባቸው ላይ ነው። ቅል ነጭ አበባውን የሚከፍተው ሲመሽ ስለሆነ ጉዳዩን የሚጨርሱለት የሌሊት የእሳት ራቶች ናቸው። ዱባ ግን ቢጫ አበባውን ጎህ ሲቀድ ከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይከድነዋል። በትውልድም አይገናኙም፤ ቅል አፍሪካዊ ነው፣ ዱባ ግን አሜሪካዊ። ብሂሉ የተነገረው ስለ ዛሬው ዱባ ከሆነ፣ ኮሎምቦስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ባሕር ከመሻገሩ በፊት ሊነገር አይችልም ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ጋብቻው ነው። በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ይወጣሉ። ወንዴው ይቀድማል። በቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ተኮፍሶ፣ ሴቴዋ ገና ሳትመጣ፣ በየማለዳው እየፈካ ይረግፋል። በዚህ ጊዜ የጓሮው እመቤት «ይኼ አበባ ብቻ ነው፣ ይነቀል!» ብለው ይፈርዳሉ። ጥናቱ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ይላል። ሴቴዋ ዘግይታ ስትመጣ ከአበባዋ ሥር አውራ ጣት የምታህል ዱባ ይዛ ነው። ልጁ ከሠርጉ በፊት አለ ማለት ነው፤ ይህ ለደብሩ ካህናት አልተነገረም። የሠርጉ ቀንም አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ካለፈ ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትበሰብሳለች፤ ነገሩ በግማሽ ከተፈጸመ ደግሞ ጠማማ ሆና ታድጋለች።

የዱባ ብናኝ ከባድና ተለጣፊ ነው። አንዷ ቅንጣት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስለምትበልጥ ነፋስ አይሸከማትም። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ግድ ነው። በአሜሪካ ዱባ የራሱ ንብ ነበረው፤ ከዱባ ዘመዶች በቀር የሌላ ተክል ብናኝ የማይሰበስብ። ወደዚህ ሲሰደድ ያን ንብ ጥሎ መጣ። እዚህ ሽምግልናውን የያዘችው የማር ንባችን ናት፤ ደሞዟ ቀሰም ነው። ነገር ግን በጎጃም ነሐሴ ዝናብ ንብ ከቀፎ አትወጣም። ቀን ሲገለጥላት ደግሞ ጤፉና ስንዴው ላይ ቱፎርዲ የሚረጭበት ጊዜ ነው፤ ንብ አናቢዎች በአረም መድኃኒት መማረር ከጀመሩ ቆይተዋል። አደይ አበባ ፈክቶ ንቧ በብዛት ስትሰማራ ብዙዎቹ ሴቴ አበቦች መሽቶባቸዋል።

ጎረቤቶች ስለ በሰበሰችው ፍሬ ያቀረቡት መላምት «ዓይን ገባበት» የሚል ነው። አልተደገፈም፣ ግን አልተቃወምነውም፤ ነገ እሳት የምንጭረው ከእነሱ ቤት ነው።

ንቧ ካልደረሰች የቀረው ሽምግልናውን ራስ መረከብ ነው። ማለዳ፣ አበባው እንደተከፈተ፣ ዝናብ ያልመታውን ወንዴ ቀጥፎ ቢጫ ቅጠሎቹን መላጥ፤ ከዚያ የቀረውን ዘንግ ሴቴዋ መሐል ካለው ክፍል ላይ በቀስታ ማሸት። አንድ ወንዴ ለሁለት ለሦስት ሴቴ ይበቃል፤ በዚህ ነጥብ ላይም ካህናቱ አልተማከሩም። የአዲስ አበባ ሰው ፍሬውን በጨቅላነቱ የሚበላው ዝኩኒ፣ የዚሁ የዱባ የጣልያን ዘመድ፣ የሚታከመው በዚሁ መንገድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጎህ ሲቀድ አበባ ስታሽ ጎረቤት አይቶ ምን እየሠራህ እንደሆነ ቢጠይቅህ፣ ጥናት ላይ ነኝ በለው። ዱባው ሲደርስም አንዱን ላክለት።