ለዝቅተኛው ተጫራች ምስጋና

«መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» ሐዋሳ ላይ ጤና ጣቢያ ይገንባ፣ የሆስፒታል ማስፋፊያ ይሠራ፣ ማስታወቂያው ያለዚህ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። በየሳምንቱ በጋዜጣ ሲረጋገጥ ያየሁት መብት ይህ ብቻ ነው።

ሥርዓቱስ ያምራል! ኦሪጅናሉና ኮፒው ለየብቻ በሰም ይታሸጋል፤ ሣጥኑ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ሲገነባ የኖረ ሰው አንድ ገጽ ላይ ማኅተም ከረሳ ይወድቃል፤ ማኅተም የረሳ ምን ሆስፒታል ያውቃል? ከዚያ ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከመሐንዲሱ ግምት እጅግ የወረደውን የጻፈ ያሸንፋል። ሲሚንቶና ብረት በዚያ ዋጋ ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ነውር ነው። ሰውየው በጎ አድራጊ ነው።

የፌዴራሉን የግዥ አዋጅ አትውቀሱት። ቁጥር 649/2001 ስድስት የግዥ ዘዴ ዘርዝሮ ነበር፤ ባለሁለት ደረጃ ጨረታም ነበረበት፣ ከዋጋ ሌላ መመዘኛ መጠቀምንም አይከለክልም ነበር። በ1333/2016 ቢተካም የኮሚቴው ልማድ አልተተካም። ለብቃት ነጥብ የሰጠ የኮሚቴ አባል ኦዲተር ሲመጣ ማስረዳት አለበት። ትንሹን ቁጥር የመረጠ ግን ምን ተጠይቆ ያውቃል? ግድግዳው ይሰንጠቅ፤ ቃለ ጉባኤው እንከን የለበትም።

በጀቱ እንዳይመለስ ውሉ ሰኔ ላይ ይፈረማል። በጎ አድራጊያችን ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ መሠረቱን በክረምት ይቆፍራል፤ ከተማዋም ሁለተኛ ሐይቅ ታገኛለች። ቀጥሎ ደብዳቤው ይጎርፋል፤ ተጨማሪ ሥራ፣ የጊዜ ማራዘሚያ፣ የዋጋ ማስተካከያ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የምንዛሪው ነገር ለሁሉም በቂ ምክንያት ሆኗል። በመጨረሻ ውል ይቋረጥና የቀረው ሥራ እንደገና ይጫረታል። ርካሹ ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ ሁለቱንም ጊዜ በርካሽ።

ክፉ ሰዎች የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ ይጠቅሳሉ። አንድ የቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ ጨርሶት ሐምሌ 2008 ተመርቋል፣ ጤና ጣቢያ ምን ነካው ይላሉ። ምን አገናኘው? እዚያ የሚሰፋው ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ የመርከብ ቀን አለው፤ ቢዘገይ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ይቀጣል። ምጥ የያዛት እናት የማንን የውል ማስከበሪያ ልትወርስ ነው? በባጃጅ ተጭና ሪፈራል ትሂድ።