የገና ዋዜማ ድካምና ትርጉሙ፤ ከአንድ ማድ ቤት የተገኘ ጥናት

ገና ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ 28 ላይ ይውላል። በዓሉ ሲቃረብ «ሽር ጉዱ በዛ፣ መንፈሳዊነቱ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ይህ ጥናት መልሱን ፍለጋ አንድ የአዲስ አበባ ማድ ቤት ገብቷል።

የጥናቱ ዘዴ ምልከታ ነው። የቤቱ እመቤት ለተመራማሪው ቢላና አንድ ሳፋ ሽንኩርት ቢያቀርቡለትም፣ በጥናቱ ጉዳይ እጅ ማስገባት ገለልተኝነትን እንደሚያጓድል ገልጾ በትሕትና መልሷል። እመቤቲቱም «እንግዲያው ልጄ፣ ከበሩ ላይ ዞር በል» ብለዋል። እንባው ግን ገለልተኛ ሳይሆን ፈሷል።

የመጀመሪያው ግኝት እምነትን ይመለከታል። ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት ሲቁላላ ይውላል፤ በርበሬው ይገባል፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የታጠበው ዶሮ በ12 ብልቱ ይከተላል፤ ቅቤውም አይቀርም። ችግሩ ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና አለመፈታቱ ነው። ስለዚህ ወጡን የሚሠሩት ሴት አይቀምሱትም፤ ጨውን የሚመጥኑት በመዓዛውና በእጃቸው ልምድ ብቻ ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በምዕራፍ 11 እምነትን ከማይታይ ነገር ጋር ያያይዘዋል። ስላልተቀመሰ ነገር ግን ዝም ይላል፤ ይህን ክፍተት የሞላው የኛ ማድ ቤት ነው። በተጨማሪም ቤተሰቡ በማግስቱ «ጨው አነሰው» ሲል የሚተቸው የአንዲትን ጾመኛ እምነት እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ግኝት ከቅርጫው ሥፍራ የተገኘ ነው። ጎረቤቶች በጋራ የገዙትን በሬ አርደው፣ ጉበቱንና ጨጓራውን ሳይቀር መደብ መድበው ዕጣ ይጣጣላሉ። ሥርዓቱ ሐዋርያዊ መሠረት አለው፤ በይሁዳ ምትክ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነበር። ልዩነቱ፣ በዚያ ጊዜ «የኔ መደብ አጥንት በዛበት» ያለ ሰው አለመመዝገቡ ነው። ዕጣ የማይጣልበት ነገርም አለ። የዶሮው ፈረሰኛ ለአባወራው እንደሚደርስ፣ ሽንኩርቱም ለእመቤቲቱ እንደሚደርስ ከወዲሁ የታወቀ ነው።

ማታ አባወራው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማኅሌቱ ሄዱ። «መንፈሳዊነቱ የት ገባ?» የሚለውን ጥያቄ ያነሡት በሩ ላይ ቆመው ነው። እመቤቲቱ ወጡ እንዳያር ቀሩ።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥናቱ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ለመመልከት ተገዷል። የልደቱ ዜና መጀመሪያ የተነገረው ሌሊቱን መንጋ ሲጠብቁ ለነበሩ እረኞች፣ ማለትም ለተረኛ ሠራተኞች ነው። መልአኩ «መጀመሪያ ሥራችሁን ጨርሱ፣ ታጠቡ፣ አእምሯችሁን አሳርፉ» አላላቸውም፤ እዚያው ሥራቸው ላይ መጣ። በእንግዶች ማደሪያው የተኙት በዚያች ሌሊት ምንም እንደሰሙ አልተጻፈም። ከዚህ በመነሣት ድካም የበዓሉን ትርጉም ያጠፋል የሚለው አስተሳሰብ ማስረጃ እንደሌለው፣ እንዲያውም የደከመው ሰው ለዜናው ቅርብ እንደነበር ለመገንዘብ ተችሏል።

ነገር ግን አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። እረኞቹ ዜናውን ሰምተው ፈጥነው ወደ ቤተልሔም ሄደዋል። በጎቹን ማን እንደጠበቀላቸው ወንጌሉ አይናገርም። ተተኪ ነበረ ብሎ መገመት ይቻላል። በተጠናው ቤት ግን ለወጡ ተተኪ አልተገኘም፤ ቀዳሽ፣ አወዳሽ፣ አስቀዳሽና ተመራማሪ ሁሉ በሙሉ ቁጥራቸው ነበሩ።

ስለሆነም ጥናቱ የሚከተለውን ምክረ ሐሳብ ያቀርባል፦ በዓሉ የጎደለው ትርጉም ሳይሆን ተረኛ ስለሆነ፣ በመጪው ዋዜማ አባወራው ማማሰያውን ይረከቡ፤ እመቤቲቱም ያስቀድሱ። ወንድ ሲያማስል ወጡ ያርራል የሚል ስጋት ተነሥቷል። ሆኖም ያረረ ወጥ የልደቱን ደስታ እንደሚሽር የሚያስረዳ አንድም ምንጭ አልተገኘም።

ውጤቱ ሲነበብላቸው አባወራው በመርህ ደረጃ ተስማምተዋል። የአፈጻጸም ዝርዝሩ ግን ከጥምቀት በኋላ እንዲታይላቸው ጠይቀዋል።