ከእንግዲህ አይወርድም
ብዙ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት መስመር ሲዘረጋለት የታሰበው ለአምፖልና ለራዲዮ ነበር። ዛሬ ፍሪጁም፣ የውኃ ማሞቂያውም፣ ምጣዱም እዚያው ላይ ተደርበዋል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ብሬከሩ ይወርዳላ! የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ቴስተሩን ከደረት ኪሱ መዝዞ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ነው የሠራው?» ይላል። (አምና ራሱ ነው፤ ግን ባለሙያ አያሳፍሩም።) ከዚያ ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር ነቅሎ ባለ 32 ይተክላል። ሽቦው ያው የአምፖል ሽቦ ነው። «እማማ፣ ከእንግዲህ አይወርድም!» እውነቱን ነው፣ ብሬከሩ አይወርድም፤ አሁን ተረኛው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የመሬት መስመርስ? ምን ይሠራል፣ እማማ እንጀራ ሲጋግሩ የላስቲክ ጫማ ያደርጉ የለ!